በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያለፈው ሰልባትዮ

«ሙሐሲን ኮንትሮባንድ ጀምሯል እማማ ጽጌ።»

እንዲህ ያለችኝ የሻረግ ናት፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ። ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ላይ ቆማ።

«ተይ እንጂ!»

«ማርያምን! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ሊነጋጋ ሲል ሳፋ ይዞ መኪናው ስር ገባ። ሲወጣ ሳፋው ግጥም ብሏል። በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ወሰደው። ተመልሶ ደግሞ ሌላ ሳፋ ይዞ ገባ።»

«ምንድነው ውስጡ?»

«ናፍጣ ነዋ! አገሩ ሁሉ ማደያ በር ላይ ሲሰለፍ እሱ በሳፋ ይቀዳል። ብቻ ለማንም እንዳይናገሩ።»

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለጀማነሽ ብቻ ነው የነገርኳት፣ ጀማነሽ ደግሞ ማንም አይደለችም፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። እሷ ጋ ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን ሴቶች ሰላም ሳልል ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ ሰላም ስላቸው ነካ አደረግኩት። ነካ ብቻ።

አሁን ሰፈራችንን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነን። ቅያሳችን መውጫ የለውም፣ በአንድ በኩል ገብቶ ግንብ ላይ ይቆማል። ጎረቤታችን አቶ ነገሪ በድንገት አርፈው ትናንት ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ እድርተኛው ድንኳኑን ቅያሱ አፍ ላይ ተከለው፣ ከግንብ እስከ ግንብ፣ ድመት እንኳን በጎን አታልፍም። ከድንኳኑ ጀርባ እኛ ሴቶቹ ጉልቻ ጎልተን ብረት ድስት ጥደናል። ከእኛ ጀርባ ደግሞ፣ መጨረሻው ግንብ ስር፣ የሙሐሲን አይሱዙ ቆሟል።

ሙሐሲን የጭነት መኪና አለው፣ ራሱ ይነዳዋል፣ ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመላልሳል። ካዛንቺስ ነበር የሚኖረው፤ እዚያ ያለው ቤቱ ሲፈርስ ነው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እኛ ጋ የተከራየው። አዲስ ጎረቤት ስለሆነ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ ነው፣ ሲስቅም አፉን ይሸፍናል። ትናንት ለቀስተኛውን ጭኖ ቀብር አድርሶ የመለሰን እሱ ነው። መኪናውን እንደ ልማዱ ግንቡ ስር አቆመ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ በቃ፣ ሰልስት እስኪወጣ መኪናው እስረኛ ሆነ።

ጀማነሽ ወሬውን ስሰጣት አፍንጫዋን ነፋች።

«ናፍጣ ከሆነ ምን ወሬ ያስፈልገዋል? ሄደን እናሽትተዋ።»

ሄድን። እውነትም ይሸታል። መኪናው ስር ሳፋ አለ፣ ጠብ ጠብ ይላል። መሬቱ ላይ አሸዋ ተበትኗል፣ አሸዋውም ጠቁሯል። እግር ታየኝ፣ ከዚያ ሙሐሲን ራሱ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ።

«እንዴት አደራችሁ እማማ?»

«ደህና። አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ምንም።»

«ምንም ብሎ ነገር እንዲህ አይሸትም» አለችው ጀማነሽ። «አፍህ ማደያ ማደያ ይላል።»

በቱቦ ሊስብ ሲል ጎንጭቶት ነው። ቀላ፣ ጠቆረ፣ በመጨረሻ ተናገረ። ከቀብር ስንመለስ የተቆፈረው መንገድ ላይ ድንጋይ ከስር መትቶት ሰልባትዮው ተቀዷል። ሰልባትዮ የሚሉት ናፍጣው የሚጠራቀምበትን ጋን ነው፣ ያ ከጭነቱ በታች ጎኑ ላይ በላሜራ የታሰረው ትልቁ ብረት። ሳሙና ለጥፎበት ነበር፣ ያዘለት፣ ከዚያ ሳሙናው ለቀቀ። ሙሉ ነው ጋኑ፣ ሰልፍ ገብቶ ገና ትናንት ጠዋት ነው ያስሞላው።

«ታዲያ ምን ዝም ያሰኝሃል አንተ ልጅ?»

«እንዴት ልበል እማማ? እትዬ መድኃኒት ባላቸውን ቀብረው፣ እኔ መኪናዬ ተቀደደ ብዬ ልጩህ? ደግሞ እነሱን ጭኜ ነው የተቀደደው። ካሳ ጠየቀ ቢባልስ? ሰልስት ይውጣ፣ እስከዚያ በሳፋ እየተቀበልኩ እቆያለሁ ብዬ ነው።»

ይሉኝታ ነው! ሌላ ሰው ሌባ ይደብቃል፣ እሱ የራሱን ቀዳዳ ይደብቃል። የሻረግ ኮንትሮባንድ ያለችው ይሄ ነው። ትንሽ አዘንኩ፣ ወሬው ጥሩ ነበር።

ጀማነሽን ግን አላሳቃትም። ዞር ብላ ጉልቻውን አየች። ሁለት ድስት ንፍሮ ከጠዋት ተቀቅሎ ወርዷል፤ አሁን ለምሳው ወጥ አዲስ እንጨት ተጨምሮ እሳቱ ቦግ ብሏል። በእሳቱና በሳፋው መካከል ያለችው አንዲት የእንጨት ክምር ብቻ ናት።

«ሰው ጥራ» አለችው። «የሚያውቅ ሰው። አሁን።»

አጥናፉን ጠራ። አጥናፉ ቄራ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። ስለ ጆሮው አትጠይቁት፣ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። በድንኳኑ መሀል ለለቀስተኛው «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። መኪናው ስር አንዴ ጎንበስ አለ፣ ቀና ሲል ያየው መኪናውን አይደለም፣ እሳቱን ነው።

«ይሄንን ማን ነው ያነደደው?»

«እኛ» አልኩት።

«ይጥፋ።»

ሙሐሲን ተቅለስልሶ መጣ። «ወንድም አጥናፉ፣ ሳይወርድ እዚሁ አንድ ነጥብ ብየዳ ቢነካውስ? ናፍጣ ነው፣ ቤንዚን አይደለም፣ አይፈነዳም። በያጅ ዘመድ አለኝ፣ ቶሎ ይደርሳል።»

«ጆሮዬን እየው» አለው አጥናፉ። «እየው! ይሄ የናፍጣ ነው። ፈሳሹ ዝም ይልሃል፣ ትነቱ ነው የሚፈጅህ። በሙሉ ጋን አልተጎዳሁም፣ ባዶ ነው በተባለ ጋን ነው የተጎዳሁት። ይፈታል፣ ይወርዳል፣ ከዚህ ይወጣል፣ ጋራዥ ሄዶ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ታጥቦ ነው ብየዳ የሚያየው። እሳቱ ግን አሁን ይጥፋ።»

ጩኸቱን ሰምቶ ገብረሚካኤል መጣ። ገብረሚካኤል የእድራችን ዳኛ ነው። ሰው ሲሞት አሥር ዓመት ይቀንስለታል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያዛል፣ ሸሚዙን እንኳን ያን ቀን ነው የሚተኩሰው።

«ምን ተባለ? የለቅሶ ቤት እሳት ይጥፋ? የሟች ዘመዶች ከአምቦ ተነስተው ሆለታ ደርሰዋል! ምን ላበላ ነው? አየር?»

«ጋሼ፣ አንድ ብልጭታ…»

«ናፍጣ እኮ ነው! ክብሪት ብትጥልበት ያጠፋዋል!»

«እሺ ጋሼ። ይሄ መሬት የጠጣው፣ ይሄ ጨርቅ፣ ያ የእንጨት ክምር አንዴ ከያዘ ምን ያጠፋዋል? ድንኳኑ ሸራ ነው። መውጫው የት ነው?»

ገብረሚካኤል በጣቱ አሳየው። ድንኳኑን።

«ሌላስ?»

ሌላ የለም። ከኋላ ያለነው እኛ ነን፣ ሴቶቹ፣ ከግንብና ከድንኳን መካከል። እሳት ቢነሳ በየት በኩል ልወጣ ነው፣ በዚህ ጉልበቴ ግንብ ልዘል?

ሙሐሲን ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። «ተዉት በቃ፣ ተዉት። ማንንም አላስቸግርም። እሳታችሁም ይንደድ፣ እኔ ቶሎ ስር ገብቼ እፈታዋለሁ።»

«መጀመሪያ የሚበላህ አንተን ነው» አለው አጥናፉ። «እኔም አጠገብህ አልቆምም።»

«ሰልስት እኮ ነገ ነው» አለ ገብረሚካኤል። «እስከ ነገ በሳፋ ቢቀበል ምን ይሆናል? ከዚያ ድንኳኑ ይነሳል፣ መኪናው ይወጣል። የእድር ሥርዓት አለ!»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ መድኃኒት በድንኳኑ ጀርባ በኩል ብቅ አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድምጿ ተዘግቶ። የሟች ሚስት ከፍራሽ አትነሳም፣ ሁላችንም ደነገጥን። ሁሉንም ሰምታለች፣ ሸራ ምን ይሸሽጋል።

«ያንን ግንብ ስር ያለውን ቦታ ለሙሐሲን ያስፈቀደለት ነገሪ ነው» አለች። «ነገሪ ቢኖር እሳቱን የሚያጠፋው ራሱ ነበር።»

ተመልሳ ገባች። ፎቶው ፊት የሚበራውን ጧፍ እፍ አለችው። ገብረሚካኤል ከእሳቱ ዞር አለልን። እኔና ጀማነሽ አንዳንድ ባልዲ ውሃ አነሳን። እሳቱ ቸስ ብሎ ጠፋ፤ ፍሙንም በአመድና በውሃ ለወስነው፣ አጥናፉ በእጁ እየዳሰሰ «ይሄኛው ገና ነው፣ ይሄኛውም» እያለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። አጥናፉ ሲሠራ ያወራል፣ እኔ ደግሞ ሲወራ እሰማለሁ፣ ስለዚህ አሁን ሰልባትዮ ማውረድ አውቃለሁ።

መጀመሪያ የመኪናውን ጎማ ፊትና ኋላ በታኮ አስደገፈው፣ እንዳይንሸራተት። የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ስልክ የያዘ ሁሉ እንዲርቅ አደረገ። ሲጋራ የሚያጨሱትን ጀማነሽ ድንኳን ውስጥ ዞራ ከአፋቸው ላይ ሰበሰበች፣ አንዱን «ልታለቅስ ነው ወይስ ልታጨስ ነው የመጣኸው?» አለችው አሉ። እሳት ማጥፊያ ሙሐሲን ጋቢና ውስጥ አለ፤ መኪናው ሲገዛ አብሮ የመጣ፣ አቧራ የጠገበ ነው። አጥናፉ ነቀነቀው፣ የመለኪያውን ቀስት አየ፣ «ይሄ ሞቷል፣ እሱንም አብራችሁ ቅበሩት» አለና ጥግ ካለው ካፌ ደህናውን አስመጣ። የፈሰሰበት ላይ አሸዋ ጨመሩ።

«አሁን ማራገፍ ነው» አለ። «ሙሉ ጋን አይወርድም፣ ይገድላል በክብደቱ። ንጹሕ፣ ክዳን ያለው ጄሪካን እፈልጋለሁ። ብዙ።»

ከየት ይመጣል ብለን ስንተያይ፣ በድንኳኑ በኩል ሴቶች ተከታትለው ገቡ። ሁሉም ቢጫ ጄሪካን ይዘዋል። አንዷ ሁለት ይዛለች። የሻረግ ከፊት ናት።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ናፍጣ እየተቀዳ ነው ተብለን…» አለች አንዷ።

«ማን አለሽ?»

ሁሉም እኔን አዩ። እኔ ደግሞ ድስቱን አየሁ።

አጥናፉ ግን ደስ አለው። «ክዳኑ የሚገጥመውን ብቻ» ብሎ ጄሪካኑን ሁሉ ተቀበላቸው። በአፍ መሳብ የለም አለ፣ ሙሐሲንን እያየ። በእጅ የሚጨመቅ ጎማ ያለው ቱቦ ከሳጥኑ አወጣ፣ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፣ ናፍጣው ራሱ መምጣት ጀመረ። ጄሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ቱቦውን እስከ ታች አስገብቶ፣ ቀስ እያለ። አፉ ድረስ አይሞላም፣ ትንፋሽ ይተዋል። ሲሞላ ይከደናል፣ ይወለወላል፣ ይወጣል።

ይወጣል የሚባለው በድንኳኑ መሀል ነው። ሌላ መንገድ የለማ። ሴቶቹ ጄሪካኑን በነጠላ ሸፍነው፣ አንገት ደፍተው፣ በለቀስተኛው መካከል እየተመላለሱ ቅያሱ አፍ ላይ ካለው ባዶ ሜዳ፣ ጥላ ስር ደረደሩት። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል እኔ የሻረግን ጠቆምኩ። ኮንትሮባንዱን ያገኘችው እሷ አይደለች?

አንድ ሽማግሌ ጄሪካን ይዤ ሳልፍ አይተው ኩባያቸውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ ከጠላው ቅጂልኝ የኔ እመቤት።»

«ይሄኛው ገና አልበሰለም አባባ» ብዬ አለፍኩ።

ጋኑ ሲራገፍ አጥናፉ ክሪክ አመጣ፣ ክሪኩ ላይ ጣውላ አጋደመ፣ ከስር ጋኑን ደገፈው። «ማሰሪያው ከመፈታቱ በፊት ይደገፋል። ከዚህ በፊት ፈቺው አናት ላይ ስንት ጋን ወርዷል!» የናፍጣ ቱቦዎቹን ፈታ፣ ወደ ሞተር የሚሄደውንና የሚመልሰውን፤ ጫፋቸውን በእንጨት ውታፍ ደፈነ። የመለኪያውን ገመድ ነቀለ። የጋኑን ክዳን ጠበቅ አደረገ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ወተፈ፣ ትነት እንዳይወጣ። መጨረሻ ላይ ነው የላሜራ ማሰሪያዎቹን ቡሎን የነካው። አንዱ ዝጎ እምቢ አለ። ሙሐሲን መዶሻ አነሳ።

«አስቀምጥ!» ብሎ ሲጮህ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ጸጥ አለ። «ብረት ለብረት ሲመታ ብልጭ ይላል። ዘይት አጠጣው፣ ጠብቅ።»

ጠበቅን። ሙሐሲን ከመኪናው ስር ግማሽ አካሉን አስገብቶ፣ መፍቻውን ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው። ሚስቱ በራቸው ላይ ቆማ ልጆቿን ወደኋላ ትገፋለች። እኔ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን ምንም ወሬ አልፈለግኩም፣ ያ ቡሎን ብቻ እንዲዞር ነው የፈለግኩት። ዞረ። አጥናፉ «ከስሩ ውጣ» አለውና ክሪኩን ትንሽ በትንሽ አወረደው። ጋኑ ጣውላው ላይ ተቀምጦ መሬት ነካ። አልሐምዱሊላህ አለ ሙሐሲን፣ እኛም ተመስገን አልን።

ገብረሚካኤል ሰዓቱን እያየ መጣ። «ወረደ? በሉ፣ ባዶ ነው፣ ጥግ አድርጉትና እሳቱን አያይዙ።»

«ባዶ ሲሆን ነው የሚብሰው ብያለሁ!» አለ አጥናፉ። «ውስጡ ትነት ብቻ ነው ያለው አሁን። ይሄ ከዚህ ሳይወጣ፣ ያ አሸዋ ተዝቆ ሳይጣል፣ ክብሪት የለም።»

እንዲወጣ ደግሞ ያው ድንኳኑ ነው። አጥናፉ መሬት ላይ መጎተት የለም አለ፣ እንዳይፋተግ። አንድ አግዳሚ ወንበር ገለበጡ፣ ጋኑን እላዩ ላይ አጋደሙት፣ በገመድ አሰሩት፣ ፀሐይ እንዳይመታውም እርጥብ ብርድ ልብስ አለበሱት። አራት ወንዶች ትከሻቸው ላይ አነሱት። ሙሐሲን ከፊት በቀኝ ነው። አጥናፉ ከኋላ እሳት ማጥፊያውን ታቅፎ ይከተላል።

እኔ ገና ሲነሱ ነው የገባኝ፣ ምን እንደሚመስል። ግን ዝም አልኩ። ለምን እናገራለሁ?

ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ሳያስቡት ነው፣ አራት ሰው የተሸፈነ ነገር ተሸክሞ ሲመጣ እግር ራሱ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም ተነሳ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ልክ መሀሉ ላይ ሲደርሱ፣ በፊት ለፊቱ በኩል የአምቦ ዘመዶች ከመኪና ወርደው ገቡ። ከፊት ያሉት የሟች ታላቅ እህት ናቸው። አዩት፣ ቃሬዛውን። ትናንት መቀበሩን ማን ነግሯቸው!

«ወንድሜን! ሳልደርስ ልትወስዱብኝ!»

ብለው ብርድ ልብሱ ላይ ተጠመጠሙ። የተከተሏቸውም እሪ አሉ። ሙሐሲን በአንድ ትከሻው ሰልባትዮ በሌላው አሮጊት ተሸክሞ ቆመ፤ «እማማ፣ እሳቸው አይደሉም፣ እሳቸው አይደሉም» ይላል፣ ማን ይሰማዋል። አጥናፉ ከኋላ «እንዳይወድቅ! እንዳይወድቅ!» ይላል፤ እሱ ስለ ጋኑ ነው፣ ለቀስተኛው ስለ ሬሳው መስሎት ይብሱን ያለቅሳል። እህትየው ግንባራቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፈው አንዴ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ምንድነው ይሄ?»

መድኃኒት ከፍራሿ ተነስታ አቀፈቻቸው፣ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፤ አጠገቤ ያለችው ሴት «አይዞዎት እማማ፣ ያጽናዎት» አለችኝ።

ሰልባትዮው ወጣ። ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ከጄሪካኖቹም ርቆ ተቀመጠ። አሸዋው ተዛቀ። የጋራዡ ፒካፕ እየመጣ ነው ተባለ። እንግዶቹ ተቀመጡ፣ ያለውን አቀረብን፣ ንፍሮና ዳቦ፣ ንፍሮውም ቀዝቅዟል። ወጡ ሳይጣድ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ገብረሚካኤል ፈነዳ። እሱ ብቻ ነው ያን ቀን የፈነዳው።

«እድር ስመራ እንዲህ ያለ ነውር አይቼ አላውቅም! ከአምቦ የመጣ እንግዳ በቀዝቃዛ ንፍሮ! ጧፍ ጠፍቶ! እሳት ጠፍቶ! በለቀስተኛ መሀል ብረት እንደ ሬሳ! ሌላው እድር ምን ይለናል?»

«እውነቱን ነው» አለ አንዱ ከጥግ። «ሰልስት እስኪወጣ ቢጠበቅ ምን ነበረበት?»

«ትኩስ ነገር እንኳን ሳንቀምስ» አለ አንዱ እንግዳ።

«ለአንድ ሰው መኪና ተብሎ!»

«ያውም ትናንት ለመጣ ሰው!»

ሙሐሲን ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። እጁ እስከ ክንዱ ጥቁር ነው። አንገቱን ደፍቶ በጨርቅ ያሻዋል። አሳዘነኝ፤ ግን እኔ ለወሬ እንጂ ለመልስ አልሆንም።

ጀማነሽ ንፍሮ እያደለች ነበር። ጭልፋዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ገብረሚካኤል» አለችው። «አንተ ስትሞት ማን እንዲያለቅስልህ ነው? የሚያለቅስልህ ሰው ሁሉ እኮ ዛሬ የተቀመጠው እዚህ ድንኳን ውስጥ ነው፤ እሳት ቢነሳ ማን ይቀርልህ ነበር?»

ገብረሚካኤል ተቀመጠና ለቀዝቃዛው ንፍሮ እጁን ዘረጋ።